የተቀደደው ፊልም

ፊልሞቹን ሊወስድ የተላከው ሰውዬ የመጨረሻውን ሣጥን ጋሪው ላይ ጭኖ ሲመለስ፣ ሪባ ግሉክ አንዱን የፊልም ጥቅል ገና አልለቀቀችም ነበር። ፊልም የሚያቀርብላት ትልቅ ኩባንያ፣ የተፎካካሪውንም ፊልም ለሲኒማ ቤቶች በማከራየቷ ውሏን ሰርዞ፣ ከኒው ዮርኩ ሱቋ ፊልሞቹን በሙሉ እያስወሰደባት ነበር። እሷ ግን ፊቷ ሳይለዋወጥ፣ እንደ ወትሮዋ ጠርዙን በጣቶቿ መሀል እያሳለፈች የተቀደደ ቦታ ትፈልጋለች። አገኘች። ብሩሿን ሙጫ ውስጥ ነከረች።

«እትዬ፣ ቀዳዳ ካልሲ ነው እንዴ የሚጥፉት? ቶሎ ይበሉ እንጂ!»

«የተቀደደ ፊልም ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ሰውዬው ቆቡን አወለቀ። «ኧረ አይልፉ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንም እንዳያሳየው ዛሬውኑ ሊያቃጥሉት ነው።»

ሪባ ቀና አላለችም። የተቀደደውን አጋጠመችና፣ ሙጫው እስኪደርቅ በቀስታ እፍ አለችበት።