የጨፌው እንቁላል

ንግሥቴ በዕድሜዋ ሰው እንደ መልካሙ ጠልታ አታውቅም።

ከማንኩሳ በታች ባለው ጨፌ ላይ፣ አናታቸው ላይ ወርቃማ አክሊል የደፉ ሁለት ሽመላዎች ጎጆ ሠርተዋል። አደይ መፈንዳት ከጀመረ ወዲህ ንግሥቴ ማለዳ ማለዳ ዳገቱ ላይ ተቀምጣ፣ ወፍ ሊያጠኑ የመጡ እንግዶች በተዉላት አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ታያቸዋለች። እናትየዋ ታቅፋለች፤ አባትየው ይጠብቃል። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል።

ነገሩ የወፍ ብቻ አይደለም። የቀበሌው ሰዎች ቁርጡን ተናግረዋል፤ ዘንድሮ ሽመላ ከተፈለፈለበት ጨፌው ይከለላል፣ ካልተፈለፈለ ለእርሻ ይከፋፈላል።

ይከፋፈል ባዩ ደግሞ ጎረቤቷ መልካሙ ነው። ስብሰባው ላይ ብድግ ብሎ፣ "በቆሎዬን የጨረሰው ሽመላ አይደለም ወይ? ሽመላ ልጆቼን ይቀልብልኛል?" ሲል አገሩ ሁሉ ሳቀ። ንግሥቴ ብቻ አልሳቀችም።

ሲወጡ መንገድ ላይ ጠበቀችው። "አያ መልካሙ፣ ጎጆው ዘንድ እንዳይደርሱ።"

"የኔ ጠብ ከመሬቱ ነው፤ የታቀፈን ማን ይነካል?" አላት። "ይልቅስ ወንዙን ፍሪ። ጎጆው ዝቅታ ላይ ነው።"

"አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ" ብላው ሄደች።

በመስቀል ማግሥት ሌሊቱን ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ንግሥቴ ጎሕ ሲቀድ ዳገቱ ላይ ደረሰች። መልካሙ እስከ ብብቱ ረጥቦ ከጨፌው እየወጣ ነበር። ጋቢውን ሆዱ ላይ ጠቅልሎ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን እየመረጠ ይራመዳል። የሌባ አካሄድ ነው አለች በልቧ።

መነጽሩን ወደ ጎጆው አዞረች። ውሃው ከጎጆው አፍ ደርሷል። ጎጆው ባዶ ነው። ሽመላዎቹ ከላይ እየዞሩ ይጮኻሉ።

ረፋዱ ላይ ጎጆውም ጭምር ተወሰደ። "ጎርፍ ነው የበላው" አለ ሰፈሩ። ንግሥቴ ግን በዓይኗ ያየችውን አይታለች። መሬት ለማግኘት ብሎ! ነጠላዋን አደግድጋ ወደ መልካሙ ቤት ወረደች።

ሚስቱ ያይኔአበባ በሩ ላይ ተቀበለቻት። "በቀስታ ግቢ፣ እቴ ንግሥቴ። ዶሮ ታቅፋለች።"

ንግሥቴ በዚያ ሁሉ ንዴቷ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዶሮ የታቀፈችውን የውጭ ሰው አያይም፤ ዓይን ከነካው ይበላሻል። ባለቤቱም ቢሆን እስኪፈለፈል አያወራም። በዞረችበት በኩል፣ መደቡ ጥግ ሰፌድ ላይ የዶሮ እንቁላል ተደርድሯል።

"መልካሙ የታለ?"

"ስለ ጨፌው የምለው አለኝ ብሎ ቀበሌ ሄደ።"

ገና ውሃው ሳይጎድል! የንግሥቴ ደም አናቷ ላይ ወጣ። "የሌላውን እናት አስለቅሶ እዚህ በሰላም ያስታቅፋል? እንግዲያው እሱም ይቅመሳት!"

"ኧረ በማርያም! እሱማ..."

አላስጨረሰቻትም። ፊቷን እንዳዞረች ዶሮዋን ገፍትራ፣ የታቀፈችበትን ቅርጫት በሁለት እጇ አንሥታ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ገለበጠችው። ያይኔአበባ እሪ ብላ ራሷን ያዘች።

"ይኸው! እንቁላል በእንቁላል!" አለች ንግሥቴ። ያኔ ብቻ ወደ መሬት አየች።

ከተሰበረው ቅርፊት መሐል፣ እግሩ ለዶሮ ልጅ ከልክ በላይ የረዘመ ጫጩት አንድ ጊዜ ተንፈራግጦ ዝም አለ።