ለመጋዙ የጎረቤት ፈቃድ

«አምጣው ልፈርምልህ! አንተን ደግሞ ማን እምቢ ይልሃል?» አሉ እትዬ አዋላጅ፣ ወረቀቱን ሳያነቡት እስክሪብቶ እየፈለጉ።

አናጢው ያሉትን የተረዳው ከአፋቸው ላይ አይቶ ነው። በልጅነቱ ታሞ ጆሮው ከተዘጋ ወዲህ የሰውን ንግግር ከከንፈር ያነባል። ከከንፈር ሥራ ሁሉ አጥብቆ የሚያውቀው ግን መምጠጡን ነው፤ እትዬ አዋላጅም ይኸው ቆመው መጠጡለት።

«ይቆዩ እትዬ» አለ ወረቀቱን ወደ ደረቱ ስቦ። «የሚተኙበት ክፍል የትኛው ነው?»

ዕድሜውን ሙሉ በሰው ወርክሾፕ ሲያናጥ ኖሮ፣ ዘንድሮ የራሱን የመጋዝ ማሽን ግቢው ውስጥ ተክሏል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ አዋሳኝ ጎረቤቶች አውቀው ካልፈረሙ የፈቃድ ማመልከቻውን አይቀበልም። የቀሩት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው። ሌሊቱን ሲያዋልዱ አድረው ቀን የሚተኙት።

ክፍላቸውን አሳዩት። የአልጋው ራስጌ አናጢው ግቢ በኩል ያለውን ግድግዳ ተደግፏል። በመስኮቱ፣ ግቢያቸው ውስጥ ለቆመችው ሚስቱ እጁን ሲያወዛውዝላት ማሽኑን አስነሳች። መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ግድግዳው ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል፤ ኮሞዲኖው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ይርገፈገፋል። ዞሮ ፊታቸውን አየ። ፈገግ ብለዋል።

«ኧረ ምንም አይልም፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ግድግዳው እንደርስዎ ይሉኝታ የለውም» ብሏቸው ሳያስፈርም ወጣ።

ማሽኑን ከሚስቱ ጋር እየገፉ ወደ ግቢው ማዶ ጥግ ወሰዱት። አሮጌ ጎማ ቆርጦ ከእግሮቹ ሥር ሲያነጥፍ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቆማ ታየዋለች።

«ሴትዮዋ እሺ እያሉህ! የአንተ ኩራት እኮ ከማሽኑም ይከብዳል።»

«አዝነውልኝ እንዲፈርሙ አልፈልግም» አላት። «ልመና አይደለም የሄድኩት።»

ሚስቱ ማሽኑን ዳግም ስታስነሳ ወደ እትዬ አዋላጅ ክፍል ተመልሶ መዳፉን ግድግዳው ላይ ሲያደርግ ግድግዳው ጭጭ ብሏል። ውሃውም ረግቷል።

«አሁንስ ይሰማል?»

እትዬ አዋላጅ ጆሯቸውን አቀኑ። «ይሰማል» አሉ፣ በዚህኛው ጊዜ ያለ ይሉኝታ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጨርሰው ቀና ሲሉ ፊታቸው ኮስተር ብሏል፤ አፋቸውን በደንብ እንዲያይ ወደ እሱ ዞሩ።

«ከእኩለ ቀን በፊት ይቺን ማሽን ብታስነሳት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነው የማዘጋብህ! ጎረቤቴ ነው ብዬ አልምርህም።»

«ጠዋቱን ታዲያ ምን ልሥራበት?»

«በመላጊያህ ላግ! እኔ ምን አገባኝ?»

«ትንሽ እንኳ ረፈድ ሲል…»

«እኩለ ቀን አልኩህ! ትፈልግ እንደሆነ ውሰድ፣ ካልፈለግህ ተወው!»

እንደ ማንኛውም ሰው ተከራከሩ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተሸነፈ። እትዬ አዋላጅ ቅድመ ሁኔታቸውን ከግርጌ ጽፈው ፈረሙበት።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ፈረሙልህ?»

«ፈረሙ» አላት ደረቱን ነፍቶ። «ደግሞ ካጠፋሁ አይምሩኝም!»