የማማ ኖዚዝዌ ዜማ

በደቡብ አፍሪካ፣ የምሉንጊሲ ሰፈር ትልቁ ጃዝ ባንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይለማመዳል። የሚጫወተው የአያቶቹን ዘመን የሰፈር ሙዚቃ ነው። ያ ሙዚቃ ግን ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ የተጫወቱትም ሰዎች አንድ ሳይቀሩ አልፈዋል። የባንዱ መሪ ኖምቡሌሎ ከዚህም ከዚያም ስትለቃቅም ብዙ ደከመች፤ ታታ ምፒንጋ የሚባሉ ሽማግሌ እስኪመጡላት ድረስ።

ታታ ምፒንጋ አንድ ቅዳሜ ሳይጠሩ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ትሮምቦኑ እንደዚያ አልነበረም» አሉ። ከዚያ የትሮምቦኑን በአፋቸው አዜሙላቸው። ቀጥለው የትራምፔቱን፤ ቀጥለው የሳክስፎኖቹን። ባንዱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ኖምቡሌሎ የጎሳ ስማቸውን ጠየቀች። «ምፒንጋ» አሏት፤ በቃ። እኛ ጋ ሽማግሌ በጎሳ ስሙ ከተጠራ ክብሩ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ አልፎ የአባትዎ ስም ማን ነው፣ በጉብዝናዎ ጊዜ ሥራዎ ምን ነበር እያሉ መመርመር ብልግና ነው።

ጠባያቸው ለየት ይል ነበር። ወንበር ቢያቀርቡላቸው አይቀመጡም፤ የሚያዜሙት በሩ ላይ ቆመው ነው። ግጥም ሲጠየቁ፣ «ግጥሙ በደንብ አይሰማም ነበር» ይላሉ። የኖምቡሌሎን አባት፣ የጥንቱን ባንድ መሪ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሽቅርቅሩ» ነበር የሚለው፤ እሳቸው ብቻ «ዞሊሌ ምቦትያ» እያሉ ከነአባቱ ይጠሩታል። ሽማግሌ ናቸው፣ ይሁንላቸው ተባለ።

ነገር የመጣው በመጨረሻው ዜማ ነው። «ይኼ የሚስቱ ነው» ብለው ጀመሩላቸው። ኖምቡሌሎ ቤቷ ገብታ ይህን ስታወራ እናቷ ማማ ኖዚዝዌ አልጋቸው ላይ ቀና አሉ። ሐኪሞቹ «ቤት ይውሰዷቸው» ካሉ ወዲህ ቀና ብለው አያውቁም ነበር።

«ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ» አሉ። «ከአራስ ቤት ስትወጪ የምጫወትልሽ ዜማ እየሠራሁ ነው አለኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።»

ኖምቡሌሎ የተወለደችበት ሳምንት ነበር። በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው በሌሊት ያለ ይለፍ ወረቀት ከተገኘ ፖሊስ ስለሚይዘው ጨፋሪ እስኪነጋ ከአዳራሽ አይወጣም፤ ሽቅርቅሩ ግን የዚያን ቀን ልጄን ልይ ብሎ ክላርኔቱን ይዞ ቀድሞ ወጣ። ቤቱ አልደረሰም። ፖሊስ ጣቢያ ቢጠየቅ «እንዲህ የሚባል ሰው አልያዝንም» አሉ። ሰፈሩም ጊዜ አልፈጀበትም፤ ጆሃንስበርግ ሌላ ሴት ጋ ሄደ ብሎ ፈረደ። ማማ ኖዚዝዌ ይህን ወሬ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውታል። አላመኑትም፤ ግን ከጆሯቸውም አልወጣ።

ሽቅርቅሩ አንድ ልማድ ነበረው። ዜማው ሲያልቅ ባንዱ በሙሉ ዜማው የተሠራለትን ሰው ስም ጮኾ ይጠራል። እንግዲህ ማማ ኖዚዝዌ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ፍላጎት ይኸው ነው፤ ያ ዜማ ሲያልቅ የሚጠራው የማን ስም እንደሆነ ሰምቶ መሞት።

ታታ ምፒንጋ ግን አይጨርሱትም። የሌላውን ዜማ እያንዳንዱን መሣሪያ ለይተው ሰጥተዋል፤ ከዚህኛው የሰጡት የክላርኔቱን ብቻ ነው። እሱም አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ላይ ቀጥ።

«ረስተውት ነው?» አለች ኖምቡሌሎ።

«አልረሳሁትም።»

«ታታ፣ እናቴ እያለቀችብኝ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብለው!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ሄዱ።

ድራም መቺው ሉቩዮ ምላሱ አያርፍም። «ሲሲ፣ አሁን ይኼ ጠፍቶሽ ነው?» አለ ቦምቦሊኖውን እየገመጠ። «ሰውዬው የአባትሽ የልብ ጓደኛ ናቸው። መጨረሻው ላይ ያለው ስም የማማ አይደለም። አሳዝነዋቸው ነው የሚውጡት።»

«የሚስቱ ነው ብለው የለ!»

«ጆሃንስበርግስ ሚስት አትኖረውም?»

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። ግን እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ በማሰቧም ራሷን ጠላች።

በሳምንቱ ማማ ኖዚዝዌ «ውሰዱኝ» አሉ። መተንፈስ እንኳ አቅቷቸው ነበር። በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ከነወንበራቸው በሸክም አዳራሹ ገቡ። ታታ ምፒንጋ ሲያዩዋቸው ፊታቸውን አዙረው ሊወጡ ነበር፤ ሉቩዮ ቀድሞ በሩ ላይ ተገተረ።

«ዛሬስ የትም የለም፣ ታታ!»

የባንዱ ክላርኔት ተጫዋች ታታ ያዜሙለትን ጀመረ። ማማ ኖዚዝዌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዜማው ሄደ፣ ሄደና እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ።

«ምፒንጋ» አሉ ማማ ኖዚዝዌ። «እኔ ዛሬ ነገ የምባል ሰው ነኝ። ሴትዮዋን ይንገሩኝና ልረፍ። ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ሴት የለችም፤ ለአራሷ ሚስቴ ነው ብሎኛል» አሉ ታታ ምፒንጋ።

«ታዲያ ለምን አይጨርሱልኝም? አብረውት አልነበሩም?»

«አብሬው አልነበርኩም። እሱ ወደ ቤትዎ በሚወስደው መንገድ እየነፋ ይሄድ ነበር፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ጥሞኝ ዝም ብዬ ተከተልኩት።»

«ከዚያስ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እዚህች ጋ ሲደርስ፣ ‹ቁም! የይለፍ ወረቀትህን አሳይ!› አልኩት።»