የገና ዱላ

ትርንጎ ልጇ ያፌት ለገና ከስፖርት አካዳሚው እንደሚመጣ ስትሰማ፣ ብርጭቆዎቹን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ኩባያ ደረደረች።

እሷም እዚያው አካዳሚ የገና ጨዋታን ታሪክና ግጥም ታስተምር ነበር። «የማይለካ ትምህርት ይቅር» ተባለና ክፍሏ ተዘጋ፤ በተጫዋቾቹ አንገት ሥር ደግሞ ቁጣን ወደ ጉልበት የሚለውጥ ቺፕ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ የጨዋታዋን ኳስ፣ ሩሯን፣ እንደ ያፌት አርቆ የሚመታ አልተገኘም።

በበዓሉ ዕለት ልጁ የገና ዱላውን ከወንበሩ አስደግፎ ወጡን ቀና ሳይል ይበላል። ሁኔታው አስጨነቃትና እንደ ድሮው ልታስቀው ሞከረች።

«ዱላው ረጅም ነው፣ ባለዱላው ሰነፍ፣
ሩሯን ያያታል ባጠገቡ ስታልፍ።»

ማኘኩን አቆመ። እጁ ዱላውን ጨበጠ።

«ሰደብሽኝ?»

«ጨዋታ ነው የኔ ልጅ። በገና ጌታም ቢሰደብ አይቆጣም፤ ድሮ አንተም ትሰድበኝ ነበር እኮ።»

ዱላው ቀስ እያለ ከወለሉ ተነሣ። ያፌት ግን በሌላው እጁ ወደ ታች ሊጎትተው ይታገል ነበር።

«እማዬ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ድሮ ስትሰድቢኝ ምን ብዬ ነበር የምመልስልሽ? ቶሎ ንገሪኝ፣ ልመልስልሽና ቁጣዬ ይብረድ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው ግጥም ነው። ዓይኗ ዱላው ላይ እንደተተከለ አፏን ከፈተች፤ አንድም ስንኝ አልመጣላትም።