የመስኮት ዳሩ አልጋ

ሊጋያ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው በረዶው ሊቀልጥ ሲዳዳው ነው። ከዚያ በፊት ሴይጂን የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም። የቼሪ ገበሬ ነው፤ ከቤት እርሻ፣ ከእርሻ ቤት። ከፊሊፒንስ አግብቶ ካመጣት ጀምሮ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሯት አያውቅም። አነጋገሩ ራሱ ጥቂት ነው፤ ሰፈርተኛው «ሴይጂ ቃል የሚከፈልበት ይመስለዋል» እያለ ያሾፍበታል።

እሷ ግን ሰው ትወዳለች። ለዚህ ነው በከተማው ሆስፒታል በነጻ ማገልገል የጀመረችው። ሮዝ ሽርጧን ታጥቃ በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች፤ የአበባ ውሃ ትቀይራለች፤ አዲስ የሚተኛ ሰው ሲመጣ አልጋ ታሰናዳለች። ሽማግሌዎቹ ኮልታፋ ጃፓንኛዋን ሊያርሙላት ይጥራሉ፤ እሷም እንዲስቁ ስትል የባሰ ታበላሸዋለች።

ሥራውን ያስለመደቻት የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ ሚዮ ናት። ባሏ የሞተባት፣ መልከ መልካም፣ ከንፈሯን ሳትቀባ ከቤት የማትወጣ ሴት። ለሊጋያ በሰው አገር እህት ሆናላታለች። አንድ ቀን ሚዮ ቤቷ መጥታ፣ የሊጋያ እናት ከአገር ቤት የላከችላትን የሰሌን ነጠላ ጫማ እግሯ ላይ ሞክራ፣ «ምነው የእኔ በሆነ» ብላ ነበር። ሁለቱም ሳቁ።

በዚያ ዘመን ክፉ በሽታ የተገኘበት ሰው በሽታው አይነገረውም፤ የሚነገረው ለቤተሰቡ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ የመስኮት ዳሩ አልጋ ላይ የተኙት አባባ ዮሳኩ ነቀርሳ ነበረባቸው። ልጆቻቸውም ሐኪሙም «የጨጓራ ቁስል ነው» ይሏቸው ነበር። ሊጋያም ሚዮ ባስጠናቻት መሠረት፣ «ጨጓራ ነው፣ አባባ። ለቼሪ ለቀማ ይደርሳሉ» ትላቸው ነበር። እሳቸውም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የመጀመሪያውን በረዶ እንኳ ሳያዩ ሞቱ።

የዚያን ዕለት እያለቀሰች ቤት ገባች። «እኔ ብሆን እንዲህ እንዳታደርገኝ» አለችው ሴይጂን። «ቁርጤን ንገረኝ።»

«እሺ» አለ ሴይጂ። የጀመረላትን ፖም ልጦ ጨረሰና ሰጣት።

ክረምቱ ሲጋመስ የበጎ ፈቃደኞቹ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ኖራ የመሰለ ነገር አጠጥተው ራጅ ሲያነሷት ሊጋያ ሳቋ አመለጣትና ድጋሚ አነሷት። ሲስተር ኩዶ ደምም ወሰደችና፣ «አንቺማ ድንጋይ ትፈነቅያለሽ» አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ ሚዮ ጠራቻት። «ከእንግዲህ ወንበር መግፋቱን ሌላ ሰው ይያዘው። አንቺ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለሽ የወረቀት ወፍ እጠፊ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ለአንድ በሽተኛ መዳኛ ተብሎ የሚሰቀል ሺህ ወፍ ማድረስ አለብን፤ የአንቺ እጅ ደግሞ ይፈጥናል።»

«ለማን ነው?»

«ገና አልገባችም» አለች ሚዮ፣ ቀና ሳትል።

ከሽማግሌዎቹ መለየቱ ሊጋያን ከነከናት። አንድ ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥታ ወደ ግቢው ስታይ የሴይጂን ጭነት መኪና አየች። እሱስ ምን ሊሠራ መጣ ብላ ብትወርድ፣ ምግብ ቤቱ ጥግ ከሚዮ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፓስታቸው እንዳለ ቀዝቅዟል። ሚዮ መሐረቧን ሰጠችው፤ እሱም ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ማታ «የት ዋልክ?» ስትለው፣ «የገበሬዎች ስብሰባ» አላት።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ሊጋያ መኪናውን በረበረች። ከወንበሩ ኋላ ባልተከፈተ ላስቲክ የሴት ፒጃማ ተሸጉጧል፤ አበባ ያለበት፣ ከፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ። ለእሷ መሐረብ እንኳ በራሱ አስቦ ገዝቶላት የማያውቅ ሰው! በላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር አየችው፤ ልኳ ነው። እርግጥ እሷና ሚዮ አንድ ቁመት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት። የሾርባ ሽታ ያስመልሳት ጀመር፤ ቀሚሷ ሰፋት። ቅናት እንዲህ ሰው ይበላል ለካ፣ አለች በሆዷ። አንድ ጠዋት ደግሞ የሰሌን ነጠላ ጫማዋ ከበሩ ሥር ጠፋ።

«ጫማዬን አይተሃል?»

«አላየሁም» አለ ሴይጂ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ባሌን የወሰደች ሚዮ ጫማዬን ልትተውልኝ ኖሯል እንዴ፣ አለች። የከዳት ባሏ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። እህቴ ያለቻት ናት አንጀቷን የቆረጠችው።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ስትደርስ ሚዮ የወፎቹን ጥልፍልፍ አሸከመቻት። «ሦስተኛ ፎቅ አድርሽልኝ። የመስኮት ዳሩን አልጋም አሰናጂ፤ ሴትዮዋ ዛሬ ትገባለች።» ሚዮ ዛሬ ከንፈሯን አልተቀባችም።

ሊጋያ አንሶላውን ወጥራ አነጠፈች። ወፎቹን ራስጌው ላይ ሰቀለች። ለማታውቃት ሴት የሚሆን ጸሎት እንኳ አጣች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው እሳት ብቻ ነው። ዛሬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ ብላ ቆረጠች።

እሷ ይህን ስታስብ በሩ ተከፈተ። ሚዮ ገባች፤ ከኋላዋ ሴይጂ ቦርሳ አንጠልጥሎ ተከተላት።

«አብራችሁ መጣችሁ» አለች ሊጋያ። «ጥሩ። ከእኔ ተደብቃችሁ ስትማከሩ አይቻችኋለሁ። እህቴ ብዬሽ ነበር፣ ሚዮ።»

ሚዮ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። በእሱ አትፍረጂ።»

«አንተስ? ቁርጤን ንገረኝ ብዬህ አልነበር? እሺ አላልከኝም?»

ሴይጂ ተንበርክኮ ቦርሳውን ከፈተና የሰሌን ነጠላ ጫማውን አውጥቶ ከአልጋው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠው። ፒጃማውን ትራሱ ላይ አኖረ።

«ጨጓራ ነው» አላት፣ ወለሉን እያየ። «ለቼሪ ለቀማ ትደርሻለሽ።»