ሪጎሬ በአውሮፕላን ቀን

ዳኛው ጎሳዬ ፊሽካውን ነፍቶ በአመድ ወደተሠራችው ነጥብ ሲጠቁም እንደ ሕፃን ዘለልን። ሪጎሬ ተሰጠን። ዘለን ሳንጨርስ ግን ከተራራው በኩል የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ።

ያኔ ጂንካ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል፣ ሳሩ ላይ ነበር። ኳሱም እዚያው፣ ከብቱም እዚያው። ድምፁ ሲሰማ ጥበቃው ጋሽ ሶርሳ ከብቱን ያባርራል፣ ተጫዋቹ ደግሞ በሩን ነቅሎ፣ ተሸክሞ ከሜዳው ይወጣል። አውሮፕላኑ ሲሄድ በሩ ይተከልና ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም በዚህ ተጣልቶ አያውቅም።

የስፖርት አስተማሪያችን ፈለቀ ጨዋታውን በአውሮፕላን ቀን ያደረገው ረስቶ አይደለም፤ ጂንካ ውስጥ ያንን ቀን የሚረሳ የለም። እንደ ልማዱ ይዘገያል ብሎ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲዘገይ የከረመው አውሮፕላን በእኛ ቀን በሰዓቱ ከች አለ። ጎሳዬ ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ የሚመለሰው በዚያው አውሮፕላን ነው። በቁምጣው ላይ ሱሪ እያጠለቀ፣ ሦስት ለባዶ እየተመራን እንደሆነ አስታወሰንና አንዲት ምት ምንም እንደማትለውጥ ነገረን። ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ ተሳፋሪዎቹ ጋ ተሰለፈ።

ለእሱ ምንም አትለውጥም። እኛ የኮሌጃችን የመጀመሪያ የሴቶች ቡድን ነን። ከመስከረም ጀምሮ ተጫወትን፣ ተሸነፍን፣ አንድም ጎል አላገባንም። የገበያ ሰው ሳይቀር «ለእናንተማ አንድ በር ይበቃችኋል፤ ሌላውን ለማገዶ ስጡን» ይለናል። ፈለቀም ጎል የማያውቅ ቡድን ለከርሞ ማልያ እንደማይለብስ ቁርጡን ነግሮናል። ይኼ የመጨረሻው ጨዋታችን ነው። ሪጎሬውን የምመታው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ።

አምበላችን ጥሩዬ አላለቀሰችም። የተነቀለውን በር አንድ ጫፍ ብድግ አደረገችና «አንሱ» አለችን። አነሳን። አውሮፕላኑ ሞተሩን አጥፍቶ ሰው ሲጭን፣ እኛ በራችንን ተሸክመን የሚነሳበት መንገድ ላይ ገባን።

የቋሚዎቹን ጉድጓዶች የአውሮፕላኑ ጎማ ደፍኗቸው ኖሮ ቋሚዎቹ አልቆም አሉ። ትጊ አንዱን አቀፈች፣ አቢጊያ ሌላውን። በሩ ቆመ።

ጋሽ ሶርሳ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣና፣ በጌታ ስም ከእንጀራዬ አታፈናቅሉኝ ብሎ ለመነን። አንጀታችንን በላው፤ ግን አልተንቀሳቀስንም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ፈለቀም ደረሰና ሁላችንንም ከኮሌጁ እንደሚያስባርረን እየዛተ ዞረን። አብራሪው በትንሿ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሰዎች ነገሩት። ከት ብሎ ሳቀና ሰዓቱን አየ።

ጥሩዬ ተሳፋሪዎቹን እያለፈች መሰላሉ ሥር ደረሰች። ጎሳዬ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጓል።

«ጋሽ ጎሳዬ፣ ጨዋታው አለቀ ብለው አልነፉም» አለችው፤ ረጋ ብላ። «ሪጎሬያችንን ይዘውብን መሄድ አይችሉም።»

ጎሳዬ አብራሪውን አየ፤ እኛን አየ። ከዚያ እግሩን ከመሰላሉ አወረደና ፊሽካውን ከሱሪው ኪስ ይፈልግ ጀመር።

የእንግዶቹ ቡድን አውቶቡሳቸው ጥላ ሥር ሸንኮራ እየጋጠ ነበር። አሠልጣኛቸው ማንም ንቅንቅ እንዳይል አዘዘ። በረኛቸው ዮዲት ግን ሸንኮራዋን ጥላ ተነሳች።

«ባዶ በር ላይ አግብታ ስትፎክርብኝ ልትኖር ነው?» አለችና ጓንቷን እያጠለቀች መጣች። እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ኳሷን ነጥቡ ላይ አስቀመጥኩ። ከፊቴ ዮዲት፣ ከኋላዬ አውሮፕላኑ። ፈራሁ። ብስት ማልያውም የለ፣ ቡድኑም የለ። ፊሽካው ተነፋ፤ ሮጬ መታሁ።

ዮዲት አቅጣጫውን አውቃበት ነበር። በጣቶቿ ነካችው። ኳሱ ትጊ ያቀፈችውን ቋሚ ገጨ፤ ትጊ ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነከሰች፤ ቋሚውን ግን አልለቀቀችም። ኳሱ ተንሸራቶ ገባ።

ጎሳዬ እጁን ወደ መሃል ሜዳ ዘረጋ። ከተማው በሙሉ የጮኸ መሰለኝ። ጋሽ ሶርሳ እንኳ ዱላውን ወደ ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ወዲያው ሥራው ትዝ አለውና አወረደው። ፈለቀ፣ በቃ ጎላችሁን አግኝታችኋል፣ አሁን በሩን ይዛችሁ ውጡ አለ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። አቢጊያ ቋሚውን ዘንበል ማድረግ ጀመረች።

ላቅፋት ወደ ጥሩዬ ሮጥኩ። እሷ በእጄ ሥር ሾልካ አለፈችኝ። ኳሷን ከበሩ ውስጥ አንስታ፣ በብብቷ ይዛ፣ መሃል ሜዳ ድረስ ሄደች፤ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ማለት ነው። ሳሩ ላይ አስቀመጠቻትና ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«ሦስት ለአንድ ነው» አለቻቸው። «ኳሱ የእናንተ ነው፤ ጀምሩ።»

ከመስከረም ጀምሮ ስመኝ የከረምኩት አንዲት ጎል ነበር። አሁን አንድ አነሰኝ። እንባዬን በማልያዬ ጠርጌ ወደ ቦታዬ ሮጥኩ።