ለተራራው የሚተው ውሃ

ቁጭ በሉ ልጆቼ፣ አንዴ ስሙኝ። በመንገዳችን ባለው ተራራ ዝንጀሮ መሳይ ፍጡር አለ ስለሚባል፣ እኛ ሾፌሮች ስናልፍ አንድ ጠርሙስ ውሃ እናስቀምጥለታለን። ረዳቴ ጉታ ግን በመስኮት ባዶ ጠርሙስ ወረወረና፣ «ለጦጣ ደግሞ ውሃ? ድንጋይ ይላስ!» ብሎ ሳቀ።

ጅቡቲ ገብተን ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ስንቆም፣ ጉታ በጠራራ ፀሐይ ወርዶ ጎማዎቹን በብረት እየመታ ይፈትሽ ጀመር። እሱ አንዱን ሲመታ፣ ከመኪናው ማዶ ሌላ ምት ይመልስለታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ ጋቢና ውስጥ ነኝ።»

«ታዲያ ማነው ይሄ ጅል?» ብሎ ከመኪናው ስር ሊያይ ጎንበስ አለ።

ከማዶ የራሱ የጉታ ድምፅ «ድንጋይ ይላስ!» ብሎ ሳቀበት። ያ ባዶ ጠርሙስ በጎማዎቹ መሀል ተንከባሎ መጥቶ እግሩ ስር ቆመ።

አደራ ልጆቼ፣ በዚያ ስታልፉ ውሃውን አስታውሱ።